የአያቴ ድንጋይ ቤትና ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ

በ2016 ግንቦት ላይ አጎቴ ከመንዝ ደወለልኝ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እንደ ወትሮው ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ሳያነሳ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ከነምስማሩ ግዛልኝ።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ለቤቱ ነዋ! ሣሩ አልቆለታል። ክቡን አፍርሼ ባራት ማዕዘን ልሠራው ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናዘዝ። በዚያው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ ፒያሳ ሲፈርስ «ትዝታችን ፈረሰ» እያሉ ከጻፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሐዘን ሳልወጣ የገዛ አጎቴ የቅድመ አያቴን ቤት ላፍርስ አለኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ቅርስ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «እንግዲያው ቅርሱ አያትህ ላይ እያንጠባጠበ ነው» አለና ዘጋው።

ቆርቆሮውን አልላክሁለትም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቤትና በጊዜው ስላልላክሁት ቆርቆሮ ነው።

*

መንዝን ለማታውቁት፦ መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ የተዘረጋ ደጋ ነው። ነፋሱ አያባራም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ዛፍ ብርቅ ነው፤ አሁን በየቤቱ ጥግ የምታዩት ባሕር ዛፍም የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው።

እንጨት የለም፣ ብርድ አለ፣ ድንጋይ ሞልቷል። የመንዝ ገበሬ ቤት ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የወጣ ነው። ወደ ቆላው በወረዳችሁ ቁጥር የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ይበዛል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ግድግዳው ድንጋይ ይሆናል። ገበሬው ማሳውን ለማረስ መጀመሪያ ድንጋዩን መልቀም አለበት። የለቀመውን ዳር ላይ ይከምረዋል። ልጅ ሲያገባ ወይም በረት ሲያስፈልግ ከዚያ ክምር ያነሳል። አያቴ «ማሳው በጸዳ ቁጥር ቤቱ ይወፍራል» ይል ነበር።

የእኛ ቤት ክብ ነው፤ ማለቴ ክብ ነበር። ከውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዐሥራ አራት ክንድ። የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ተኩል። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመና ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም ሰው፣ ዳኛም ይሁን ቄስ፣ ሳያጎነብስ አይገባም። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ከመሐል ሜዳ ወደዚያ ስላክ የመጀመሪያው ትዝታዬ ያ በር ነው። ከውጭ ነፋስ ፊትህን ይገርፍሃል። ጎንበስ ብለህ አንድ እርምጃ ስትገባ ነፋሱ እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ዝም ይላል።

ግድግዳው እንዴት እንደተሠራ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሲፈርስ። ከውጭ ስታዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ግድግዳ ነው። አንደኛው ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላኛው ወደ ውስጥ የሰጠ። በመካከላቸው ትናንሽ ድንጋይና ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይሞላል። በየተወሰነ ከፍታው ረጅም ድንጋይ አግድም ይገባና ሁለቱን ፊት እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። ትላልቁ ድንጋይ ከታች፣ ትናንሹ ከላይ ነው፤ ግድግዳው ሽቅብ ሲሄድ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም።

እንዲህ ያለ ግድግዳ አንድ ጠላት ብቻ አለው፤ ውኃ። ድንጋዩን ውኃ ምንም አያደርገውም። ጭቃውን ግን ያጥበዋል። ጭቃው ሲታጠብ መሐሉ ባዶ ይሆናል፣ የግድግዳው ሆድ ይነፋል፣ አንድ ቀን ይዘረገፋል። ስለዚህ የድንጋይ ቤትን ዕድሜ የሚወስነው ድንጋዩ ሳይሆን ጣሪያው ነው። የሣር ክዳኑ ወፍራም ክፍክፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዙሪያውን የሚወርደው ለጌጥ አይደለም፤ ዝናቡን ከግድግዳው ራስም ከግድግዳው እግርም ለማራቅ ነው።

ጣሪያው ደግሞ በተራው እሳት ይፈልጋል። ምድጃው መሐል ላይ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበር። ጢስ ማውጫ የለም። ጢሱ በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲወጣ ሣሩን ከሥር ያደርቀዋል፣ ጠፈሩንና ማሰሪያውን በጥላሸት ይቀባዋል፣ ነቀዝና ምስጥ ያባርራል። በጎን በኩል በአጭር ካብ የተከለሉት ጥጆችና በጎች በትንፋሻቸው ሌሊቱን ያሞቃሉ። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን የምድጃ ሙቀት ይዞ ያድራል። ጢሱ የአያቴን ዓይን አበላሽቷል፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ቤቱ ሰው ካልኖረበት፣ እሳት ካልነደደበት፣ ጣሪያው እንደሚበሰብስ የገባኝ እዚያ ነው። ዘግቶ በመሄድ የሚጠበቅ ቤት አልነበረም።

*

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ።

ጓሳ ይባላል። ጠንካራና ቀጭን የደጋ ሣር ነው። ለክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳም ይሠራበታል። የሚበቅልበት ቦታም በስሙ ጓሳ ይባላል፤ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ጅብራና አስታ የበቀለበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ምድር ነው። ቱሪስቱ የሚመጣው ለቀበሮው ነው። የመንዝ ሰው ግን ጓሳን የጠበቀው ለቤቱ ክዳን ነበር።

አጠባበቁ ቄሮ ይባላል። ከኋለኛው የፖለቲካ ቄሮ ጋር እንዳታምታቱት፤ ይህኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ የሚቆጠር ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚ አባቶች እንወለዳለን የሚሉ ባለርስቶች የጋራ ንብረት ነበር። አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቄራ ይሉታል። እሱ ሲዘጋው ጓሳ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ማጭድም ከብትም አይገባም። ሣሩ ደረሰ ሲባል በበጋ ይከፈታል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል፣ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል።

ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል የጻፈውን «ሰምና ወርቅ» እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም የገበሬውን ኑሮ ያጠናው በመንዝ ነበር። መጽሐፉ ከተነሳባቸው ጉዳዮች አንዱ የአማራው ግለኝነት ነው። ዛሬም ስለ መንዝ ሲወራ ርስትና ሙግት፣ ኩራትና ጠመንጃ ይነሳል። አልክድም፤ አያቴ ራሱ ስለ ድንበር ስንት ዓመት ተሟግቷል። ነገር ግን ያው ሙግተኛ አያቴ ጓሳ በተዘጋበት ዓመት አንድ እፍኝ ሣር አያጭድም ነበር። የሚያንጠባጥብበት ጣሪያ እያለውም ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል። ከራሱ ላይ ያለው ክዳን የብቻው እንዳልሆነ ያውቃል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቄሮ መሠረትም አብሮ ተናደ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ስላወጣ አላማርረውም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነው ሰውም ቤቱን መክደን ነበረበት። ችግሩ አሮጌው ጠባቂ ሲሄድ አዲሱ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ጓሳ ለዓመታት ከሚችለው በላይ ታጨደ፣ ታረሰም። ኋላ ነዋሪው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ በክልሉም እውቅና አግኝቶ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ዛሬ ጓሳ ካለ፣ ያለው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት «ባህላዊ ቤት» ስንል ፎቶው ብቻ ስለሚታየን ነው። ከፎቶው በስተጀርባ የመዝጊያና የመክፈቻ ቀን፣ አለቃ፣ ቅጣት፣ ደቦ፣ ከዳኝ ባለሙያ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቤቱ ወዲያው አይወድቅም። ግን መውደቅ ይጀምራል።

*

ቅድመ አያቴ የሠራው ጣሪያ በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሏል። ያ ዘመን በመንዝና በግሼ እንዴት እንዳለፈ ብዙ አይወራም። በ1931 ሚያዝያ ዘረት አካባቢ ዋሻ ውስጥ የተጠለለ ሰው በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቀበት አገር ነው። የእኛ ሰዎች ከሸሹበት ሲመለሱ የጠበቃቸው ጥቁር የድንጋይ ቀለበት ነበር። ወራጅና ማገር ከይፋት በኩል ገደሉን በትከሻ አወጡ፣ ከጓሳ አጨዱ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ከደኑ። አያቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጨርሰው «ጣሊያን ሣራችንን እንጂ ቤታችንን አላቃጠለውም» በማለት ነበር። እኔም አጎቴን «አታፍርስ» ስለው በጆሮዬ የነበረው ይህ ነው። ጣሊያን ያላፈረሰውን አንተ ልታፈርሰው?

ያልሰማሁት የአጎቴን ስሌት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ክብ ቤት ለመክደን በአንድና በሁለት ቀን የሚጨርስ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በእኛ አገር ያለውን ለእናንተ ለዜና ተከታታዮች መንገር አይጠበቅብኝም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ወጣቱ ወይ ሄዷል፣ ወይ ተሸሽጓል፣ ወይ እንዲታይ አይፈልግም። በዚህ ጊዜ ማን ደቦ ይጠራል? ክዳን የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቱ፣ የሌላኛው ዓይን ደከመ። ቆርቆሮ ግን ሁለት ሰውና አንድ መዶሻ ይበቃዋል።

ቆርቆሮ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እሱ ራሱ አራት ማዕዘን ነው። በክብ ቤት ላይም የሚገጥሙት አሉ፤ እየተቆረጠና እየተደራረበ ብዙ ይባክናል። ስለዚህ ቆርቆሮ የሚገዛ ገበሬ ቤቱንም አራት ማዕዘን ያደርገዋል። ቆርቆሮ ጢስ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ምድጃው ከቤት ይወጣል፣ ማድቤት ለብቻው ይሠራል። ምድጃው ሲወጣ ሙቀቱም ይወጣል። ነፋስ እንዳይገለብጠው ጠርዙ ያጥራል፤ ጠርዙ ሲያጥር ከጣሪያው የወረደው ዝናብ ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ይመታል። ክቡን ቤት ከመንዝ እያጠፋው ያለው የድንጋይ መጥፋት ወይም የገበሬው ባህሉን መናቅ አይደለም። አንድ ጠፍጣፋ ብረት ከላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ በተራ በተራ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ አጎቴ ያውቀዋል። አውቆ ነው የመረጠው። የቆርቆሮውን ጉድለት የማላውቀው እኔ ነበርኩ፤ የሣሩንም ጉድለት የማላውቀው እኔው ነበርኩ። ሁለቱንም ሳላውቅ ከአዲስ አበባ፣ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ፈረድኩ።

በነሐሴ 2016 ሌሊት ላይ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ተዘረገፈ። ውኃው ለሁለት ክረምት በተበላው ሣር ሲገባ ቆይቶ ጭቃውን አጥቦ ጨርሶት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያቴ እምዬ በዚያ ሌሊት ጎረቤት ነበረች። ሁለት በግ ሞተ። አጎቴ ደውሎ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅርስህ ወደቀ።» ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የሠላሳ ሁለቱን ቆርቆሮ ገንዘብ ላክሁ። የሦስት ወር የቤት ኪራዬ ነበር። በግንቦት ብልከው ኖሮ ምናልባት ግድግዳው ተርፎ በላዩ ይለብስ ነበር። ቤቱን ለማዳን ብዬ ያደረግሁት ነገር ቤቱን ጣለው።

*

በጥር 2017 መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። አጎቴ የተረፈውን ግድግዳ እያወረደ ነበር። ሁለታችንም ድንጋይ ስናቀብል ዋልን። ያን ጊዜ ነው የሁለቱን ፊትና የማሰሪያ ድንጋዩን ነገር ያስተማረኝ። አንዳንዱ ድንጋይ በአንድ ጎኑ በጣሊያን እሳት እንደ ጠቆረ ነበር። «አየህ፣ ድንጋዩ የትም አልሄደም፤ አሁንም ቤት ነው የሚሆነው» አለኝ።

እኔ ደግሞ አንብቤ የመጣሁትን አወጣሁ። «ጋሼ፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ አንድ ክንድ አስወጣው፤ አለዚያ ዝናቡ ግድግዳውን ያጥበዋል» አልኩት። ሳቀ። «አንድ ክንድ ባስወጣው በየካቲት ነፋስ ጣሪያዬን ከይፋት ነው የምፈልገው» አለኝ። ግማሽ ክንድ ላይ ተስማማን። ከዚያ ሳልነግረው በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ እዚያ ላይ አርፎ ወደ ውጭ እንዲፈስ። አሁን ሁለት ክረምት አልፎታል። ግድግዳው ደረቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ለማለት ያህል፦

የገበሬ ቤት እንዲጠበቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማን እንደሚከፍል ይናገር። በእንግሊዝ አገር ድንጋይ በማይገኝባቸው አውራጃዎች ገበሬው ከእግሩ ሥር ያለውን ሸክላ አፈር አቃጥሎ በጡብ ቤቱን ሠራ፤ የእኛ ገበሬ ከእግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ እንደለቀመው ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ አሮጌ የእንግሊዝ ገበሬ ቤቶች ተመዝግበዋል፤ የምዝገባው ሥርዓት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣ ሕግ ላይ ነው። ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ሊያፈርሳቸው አይችልም። ነገር ግን ቤቶቹን ያቆማቸው ሕጉ ብቻ አይደለም። ሣር መክደን እስከ ዛሬ እንጀራ የሚበላበት ሙያ ነው፤ የሣር ክዳን ያለው ቤት በገበያ ውድ ነው፤ የሚኖርበትም በአመዛኙ ደሀ ገበሬ አይደለም። እኛ ከዚያ ሕጉን ብቻ ቀድተን አምጥተን «አታፍርስ» ብንል፣ ያው እኔ ለአጎቴ ያልኩትን በነጋሪት ጋዜጣ ማለት ነው።

የሐረር ጀጎል በ2006፣ የኮንሶ የድንጋይ እርከንና መንደር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል። የመንዝ ክብ ቤት እንደዚያ ይመዝገብ የሚል ጥያቄ አላነሳም። የምለው ያነሰ ነገር ነው። ጓሳን የሚጠብቁት ሰዎች ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለጣሪያውም እንደሚጠብቁ ይታወቅላቸው። ድንጋይ መካብ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወጣቶች አብረዋቸው ይሥሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በብሎኬት ሲሠራ አንዱ ግድግዳ እንኳ በእነሱ እጅ ይካብ። ቆርቆሮ ለሚያለብሰው ገበሬም «ባህልህን ጣልክ» ከማለት ይልቅ ጠርዙን ምን ያህል እንደሚያስወጣና ከግድግዳው ሥር ምን እንደሚያነጥፍ የሚነግረው ባለሙያ ይኑር። ሌላው ቢቀር የአያቶቻችሁ ቤት ገና ከቆመ፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩት፤ ማን እንደካበው ጠይቃችሁ ጻፉት። እኔ የእኛን ቤት የለካሁት ግማሹ ከወደቀ በኋላ ነው።

እምዬን ስለ አዲሱ ቤት ጠየቅኋት። መረቀችኝ። «አያንጠባጥብም፣ ብርሃን አለው፣ እንግዳ ሳያጎነብስ ይገባል» አለች። ቀጥላም «በረዶ ሲወርድ ብቻ ሰው የሚያወራኝን አልሰማም። ደግነቱ በበረዶ የሚመጣው ወሬኛ ነው።»

ማታ ላይ አልጋዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ ከተረፈው ድንጋይ በጓሮ በኩል ማድቤት ክቦ ነበር፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ከአሮጌው ጣሪያ የተረፈውን ደህና ደህናውን ጓሳ የለበሰ። ጎንበስ ብዬ ስገባ እምዬ ምድጃው ዳር መደብ ላይ ባናዋን ተከናንባ ተኝታለች፤ አንድ ጥጃም እግርጌዋ።

«ምነው እምዬ፣ አዲሱ ቤት አልተስማማሽም?»

«እሱ የቀን ቤት ነው» አለችኝ። «በሩን ዝጋው፣ ብርድ አታስገባ።»

ቸር ይግጠመን።